ባለ ሳምባው ዓሣና የታንጉት ቃል

ፍኖተ ሰላም፣ ከላህ ወንዝ ማዶ
መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለያምሮት። ያለሽበት አገር ፀሐዩንም ዝናቡንም በልክ ያውርድልሽ፤ የሐይቁን ዳር ሰው ሁሉ ወዳጅ ያድርግልሽ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለመላው ቤተሰብ በይፋ የሚገለጽ ከባድ ዜና አለኝ። ማክሰኞ መስከረም 14 ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የላይኛው የፊት ጥርሴ ለሰባ አንድ ዓመታት በቅንነት ካገለገለ በኋላ በድንገት ከሥራ ገበታው ተለይቷል። ወንድሞቹ ሁሉ ቀድመውት ስለሄዱ ሟች ላለፉት ሦስት ዓመታት ኃላፊነቱን ለብቻው ተሸክሞ ቆይቷል። ለኅልፈቱ ምክንያት የሆነው አያትሽ ታንጉት የጠበሰችው የበቆሎ እሸት ሲሆን ተጠርጣሪዋ እስካሁን በቁጥጥር ሥር አልዋለችም። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት እንደ ሕፃን ጥርስ ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ በመወርወር ተፈጽሟል። ታንጉት፣ ቁራው በምትኩ አዲስ ካመጣልህ እኔም የኔን አወልቃለሁ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት። ጉንፋን ቢጤ ይዟታል፤ ሌላ የለም።

ስልኩን ተይው። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጥቼ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስል ካርዱ ያልቃል። ክረምት ላይ እንደተስማማነው እኔ በእጄ እጽፋለሁ፣ በገበያ ቀን ከተማ አወርደዋለሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ አምለሰት በፎቶ ኮፒ ቤቷ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ያንቺንም በወረቀት አትማ ታቆይልኛለች። ታንጉት ፊደል ስለማትለይ እኔ አነብላታለሁ። ስለዚህ እኔን የምታሚበት ቦታ ካለ በሌላ ወረቀት አድርጊው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይች ልጅ ዓሣ ልትማር ዩጋንዳ ድረስ ሄደች ብዬ ስናገር ሰው ፊቴን አይቶ ነው የሚያልፈኝ። እሱስ ይሁን። ሳምባ ያለው ዓሣ አለ ያልሽውን ግን እንዴት ልዋጠው? ሠላሳ ዓመት በቄራ ሥጋ የመረመርኩ ሰው ነኝ። የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል ሳምባ በእጄ አልፏል። የዓሣ ሳምባ ብሎ ያመጣልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ከነማኅተሜ ጸበል ነበር የምልከው። ሽማግሌ ለማሞኘት የፈጠርሽው ከሆነ ቶሎ ንገሪኝ፤ ለሰው ሳላወራ።

ታንጉት ምን ትበያለሽ በላት ትላለች። ሌላ ጥያቄ የላትም።

አያትሽ ገብረሰንበት


እንቴቤ፣ ዩጋንዳ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ገብረሰንበትና እናት ሆና ላሳደገችኝ ለእምዬ ታንጉት። ከሩቅ ሆኜ ጉልበታችሁን ስሜያለሁ፤ አድባሩ ከቤታችን አይራቅ።

በጥርስዎ ድንገተኛ ዕረፍት የተሰማኝን ሐዘን እየገለጽኩ ለተረፈው ድድ መጽናናትን እመኛለሁ። ተጠርጣሪዋን ግን አትንኩብኝ። ማቶኬ የሚባል የሙዝ ገንፎ እበላለሁ ይበሏት፤ ከስቼም አልከሳሁም።

አባባ፣ አልፈጠርኩም። እዚህ ማምባ ይሉታል። ቁመቱ ከእኔ ክንድ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ መልኩ የእባብ ነው። አራት ክንፎቹ ክንፍ አይመስሉም፣ እንደ ቀጭን አለንጋ ናቸው፤ ከታች መሬቱን እየነካካ ሲሄድባቸው ሲያዩት እግር ሊያወጣ ያሰበና ሐሳቡን የለወጠ ይመስላል። ጥርሱ እንደ እኛ አንድ አንድ አይደለም። እንደ ወፍጮ መጅ የተጣበቀ ሰሌዳ ላይና ታች አለው፤ ቀንድ አውጣን ከነቅርፊቱ ይፈጫል።

ሳምባው ሁለት ነው። እንደ በሬ ሳምባ የደፈነ አይደለም። ከጀርባው ሥር ከአንገት እስከ ሆድ መጨረሻ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ከረጢቶች አድርገው ያስቡት፤ ውስጣቸው በቀጫጭን ግድግዳ ተከፋፍሏል፣ የእንቁራሪትን ሳምባ ይመስላል። ሌላው ዓሣ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ከስሞ ለወግ ያህል ነው የቀረው። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ካልጎረሰ ይሞታል። ዓሣ ነው፤ ውኃ ውስጥ አፍነው ቢይዙት ግን ሰምጦ ይሞታል። ይህን የመጀመሪያ ቀን ስሰማ እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ይስቃሉ ብዬ።

ልቡም እንደዚያው ነው። የሌላው ዓሣ ልብ ደሙን በአንድ መንገድ ይገፋል። የዚህኛው ከሳምባ የተመለሰውን ደም ለብቻ የሚቀበልበት ክፍል ጀምሯል፤ መካከሉ ላይ ያለው ግድግዳ ግን አላለቀም። ሲፈለፈል ደግሞ እንደ እንቁራሪት ልጅ ከአንገቱ ጎን ላባ የሚመስል ስንጥብ ያወጣል።

ታዲያ ዓሣ ነው ወይስ እንቁራሪት ይሉኝ ይሆናል። አስተማሪዎቻችን በመካከል የተዘረጋ ድልድይ አትበሉት ይላሉ። ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከአንድ አባት ሁለት ወገን ወጣ፤ አንዱ ወገን አራት እግር አውጥቶ ወደ የብስ መጣ፣ እንቁራሪቱም በሬውም እኛም ከዚያ ነን። ሌላው ወገን ሳምባውን እንደያዘ ውኃው ውስጥ ቀረ። ማምባ ማለት የቀረው ወገን ነው። በዝምድና ከቆጠሩት ከአምባዛ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ወደ ከተማ ያልገባ የአጎት ልጅ ይበሉት።

የእምዬ ጉንፋን ለቀቃት? ክረምት ላይ ስለያት ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብላ ነበር። ጥናቴን ገና አልጀመርኩም፣ ማዘግየት ይቻለኛል፤ ለገና ልምጣ? እሷን ጠይቀው ይጻፉልኝ።

ልጃችሁ ያምሮት


ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያምሮት፤ እግዜር ከፊትሽም ከኋላሽም ሰው ያድርግልሽ።

ደብዳቤሽ አምለሰት ስልክ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ታስሮ ቆይቶ ነው የደረሰኝ። ኔትወርኩ ጠፍቶ ነበር። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል።

አሁን ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሳምባ ጨምረሽበት አባባስሽው። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ከቡሬ ለዝክር መጥተው ታንጉትን ሊጠይቁ ጎራ ብለው ነበርና ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። በጽሞና ሰሙ። ሳምባ ካለው ትንፋሽ አለው፣ ስለዚህ ፍስክ ነው አሉ። ውኃ ውስጥ እያለስ ብላቸው፣ ውኃ ውስጥ እያለማ ዓሣ ነው አሉ።

«እንግዲያው ሲሰምጥ የጾም፣ ብቅ ሲል የፍስክ ከሆነ፣ መርከቡ ላይ ያለው ሰው መረቡን በስንት ሰዓት ይጣል?» አልኳቸው።

ጭራቸውን አነሡብኝ። ታንጉት መደቡ ላይ ጋደም ብላ ትሰማን ነበር።

«ምስኪን ዓሣ፤ በሁለት አገር ግብር ይከፍላል» አለች።

መሪጌታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፍርዱም፣ ዓሣው ራሱ ቡሬ ገበያ እስኪመጣ ድረስ ጉዳዩ በይደር ይቆይ የሚል ሆነ። ይህን እኔ የፈጠርኩት እንዳይመስልሽ፤ ምስክር አለኝ።

ስለ ሳምባው የጻፍሽውን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ልንገርሽ። ደህና ሳምባ ስትጨብጪው ከጣትሽ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ስትለቂው ይመለሳል። ውኃ ላይ ብትጥይው ይንሳፈፋል። እንደ ጉበት የጠጠረውና ጨብጠሽው የማይመለሰው ግን ማኅተም አያርፍበትም። ሠላሳ ዓመት ይህን ሳውቅ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው የሚጠይቀኝ ሽንጡ ለማን ደረሰ እያለ ነው። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ስለዚህ ልቡን በደንብ ሣይና ላኪልኝ፤ ያላለቀው ግድግዳ የቱ ጋ እንደሚቆም ማየት እፈልጋለሁ።

ለገና ልምጣ ላልሽው ታንጉትን ጠይቄያታለሁ። «የጀመርሽውን ጨርሺ፤ ሳትጨርሺ እንዳትመጪ» በላት ብላኛለች። ጉንፋኑ እንዳለ ነው፤ ስታገግም ትሰነብታለች። አትስጊ።

ደግሞ አንድ እንግዳ ትእዛዝ አለ። አንገትሽ ላይ የምትጠመጥሚውን ሻሽ ሳታጥቢ ላኪላት። ሳይታጠብ ማለት ምን ማለት ነው ብላት ተቆጣችኝ።

አያትሽ ገብረሰንበት


እንቴቤ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፤ ጤናዎን እንደ ጨዋታዎ ያብዛልኝ። ለእምዬ፤ ክንዷ ሥር እንደተኛሁ ይቁጠርልኝ።

የልቡን ሥዕል ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ግድግዳው የሚቆምበትን በቀይ አስምሬበታለሁ። ለመሪጌታም በይደር የቆየውን መዝገብ እንዳይዘጉት ይንገሩልኝ።

ሻሹን ካምፓላ ለሚነግደው ዘመዳችን ለናሁሰናይ ሰጥቼዋለሁ፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቷል። አላጠብኩትም።

ጥናቴን ጀምሬያለሁ። አንዲት ሴት ማምባ ገንዳ ውስጥ አስገብቼ ጭቃ ሞላሁና ውኃውን ቀስ በቀስ አደረቅኩባት። በአፏ እየቆፈረች ወደ ታች ወረደች። ከታች ስትደርስ ዞረች፣ አፏን ወደ ላይ አድርጋ ተጠቀለለች፣ በጅራቷ ዓይኗን ሸፈነች። ከገላዋ የወጣው ዝልግልግ ደርቆ እንደ ብራና አለበሳት። ክፍት የቀረው አፏ ጋ ያለች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። አትበላም፣ አትጠጣም፤ የራሷን ጡንቻ እየተመገበች ትቆያለች። ልቧ በጣም ቀንሷል። ላያት ሰው የሞተች ናት። ጆሮዬን ከጭቃው አፍ ላይ አስጠግቼ ብዙ ከጠበቅኩ ግን አንዲት ቀጭን ትንፋሽ አለች።

እስከ መጋቢት መጨረሻ በየቀኑ መመዝገብ አለብኝ፤ ከዚያ ውኃ እመልስላታለሁ። መካከል ላይ ትቼ ከሄድኩ ጥናቱ ይበላሻል፣ አንድ ዓመት ይጨመርብኛል።

ይጨመር። አባባ፣ ያልታጠበ ሻሽ የሚጠይቅ ሰው ስታገግም የምትሰነብት አይደለም። አምለሰትን ብጠይቃት ደህና ናቸው ከሚለው ሌላ ቃል አይወጣትም። ቁርጡን ይንገሩኝ። እምዬ ነይ ካለችኝ ዓሣዋንም ጭቃውንም ትቼ እመጣለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ቃል ነው።

ያምሮት


ፍኖተ ሰላም
ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያምሮት፤ የገና በረከት ሳያልፍሽ ይድረስሽ።

የልቡን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የመጣ ሰው ሁሉ የማን ቤት ካርታ ነው ይለኛል። መሪጌታ በበኩላቸው ያላለቀውን ግድግዳ በቀይ ያሰመርሽበትን አይተው፣ ይች ልጅ ቅኔ ቤት ብትገባ ኖሮ አሉ። እኔም በልጅነቷ ቅኔ ልማር ብላ ስትመጣ ቤት የሚሠራው ወንድ ነው ብለው እንዳባረሯት ረሱት እንዴ አልኳቸው። አኮረፉ። ማግስቱን ማር ይዘው መጡ።

ሻሹ ደርሷል። ታንጉት ጉንጯ ሥር አድርጋዋለች። ማታ ማታ ስትተነፍስ ያፍናታል ብዬ ላነሣው ብሞክር እጄን መታችኝ። ከዚያ የበለጠ ጉልበት ምን ትፈልጊያለሽ?

ከቄራ የቀረ ልማድ ነውና ጀርባዋ ላይ ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኳት። ሐኪም ቤትም ወስጃት ነበር፤ መድኃኒት ሰጥተዋታል። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አወጣታለሁ። የቃሪያው ማሳ ደረሰ አልደረሰ እያለች ከዚያ ሆና ታዘኛለች። ስለ ዓሣዋ ያልሽውን አንብቤላት ብዙ አሰበችና፣ ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው ብለህ ጠይቃት አለችኝ።

መምጣቱን በተመለከተ ያለችውን ነግሬሻለሁ። የጀመርሽውን ጨርሺ ብላለች። ያች ዓሣ ያንቺ አደራ ናት።

ስለ ሳምባው ግድግዳዎች ሌላ ካለሽ ጻፊልኝ።

ገብረሰንበት


እንቴቤ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፤ ሰላም ለቤታችሁ።

የጥር ሰባቱ ደብዳቤ ደርሶኛል። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጆሮዬን ጥዬ አዳመጥኳት ብለው ምን እንደሰሙ ሳይነግሩኝ ወደ ሐኪም ቤት አለፉ። እርስዎ ሳምባ አዳምጠው የሰሙትን የማይናገሩ ሰው አይደሉም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እምዬ መጻፍ አትችልም፤ አውራ ጣቷን በቀለም ነክረው ወረቀቱ ጥግ ላይ ያሳርፉልኝ። ጣቷን አውቀዋለሁ፤ ማጭድ የቆረጣት ጠባሳ አለበት። ጨርሺ ያለችኝ እሷ ከሆነች በጣቷ ትንገረኝ።

ያምሮት


እንቴቤ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ መልስዎ አልደረሰኝም። አምለሰትም ኔትወርክ የለም ብላ ቀርታለች፤ ቴሌግራሟ ላይ ግን ስትገባ ስትወጣ አያታለሁ። ዓሣዋ ዘጠና ቀን አልፏታል፤ በሕይወት አለች። እምዬ እንዴት ናት?

ያምሮት


እንቴቤ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለገብረሰንበት፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሰው ይህን ቃል ለራሱ አያት እንዴት ይጽፋል?

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ናሁሰናይ ነው፤ ከኋላው ሦስት የአገራችን ሰዎች ጋቢ ደርበው ቆመዋል። እንቴቤ ላይ ጋቢ ተለብሶ አይታወቅም፣ ይሞቃል። ማንም ምንም ሳይናገር ገባኝ። አልቅሰው አስለቀሱኝ። መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፉልኝ፣ ሦስት ቀን አብረውኝ ዋሉ። እምዬ ያረፈችው ጥር 24 ቀን ነው አሉኝ። እኔ የጣቷን አሻራ የጠየቅኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነበር።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን እንዳይሰማ ተብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚህ አልወቅስዎትም። መዝገቤን ገልጬ አየሁት። ጥር 24 ቀን ከሰዓት በኋላ ጭቃው ላይ ጆሮዬን ጥዬ ትንፋሽ እየቆጠርኩ ነበር።

እምዬ የጠየቀችኝን፣ ዓሣዋ ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገውን፣ አሁን አውቄዋለሁ። መጋቢት 29 ቀን ውኃ መለስኩላት። መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም። ቆዳዋ እንደ አሮጌ ሽራ ነበር። ከዚያ ብራናው ራሰ፣ ተላጠ፣ አካሏ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። መጀመሪያ ያደረገችው መዋኘት አይደለም፣ መብላትም አይደለም። ራሷን እንደምንም ወደ ላይ ጎትታ አፏን ከፍታ አየር ጎረሰች። ድምፁ ለሰው ይሰማል። ይህንን ለእምዬ ብነግራት ደስ ይላት ነበር።

አሁን የምጽፍልዎት ለሌላ ጉዳይ ነው። የጥናት ጽሑፌ በሰኔ መጀመሪያ ይታተማል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ መታሰቢያ ማኖር ይፈቀዳል። እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «‹የጀመርሽውን ጨርሺ› ብላ ላቆየችኝ አያቴ ለታንጉት።» እነዚህን ወራት ያቆመችኝ ያች ቃል ናት። አለመሄዴ ሲቆረቁረኝ፣ እሷ ራሷ ናት ያለችኝ እላለሁ፤ ያስተኛኛል። ቃሏ ልክ እንደዚህ መሆኑን ያረጋግጡልኝ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ስለሚሰፍር አንድ ፊደል እንዲሳሳት አልፈልግም።

እርስዎስ እንዴት ነዎት? ማን ያበስልልዎታል?

ልጅዎ ያምሮት


ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያምሮት። እግዚአብሔር ልብሽን ይጠብቅልኝ፤ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስም ያቆይሽ።

አምለሰት ታበስልልኛለች። ጨው አታውቅም። ይህን ያህል ለቀልድ ይበቃል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ስምንት ቀን ሆነው። በየቀኑ እጀምርና እቀደዋለሁ። ትናንት መሪጌታ ቴዎፍሎስ መጥተው ምን ሆነሃል አሉኝ። ነገርኳቸው። ልጅቱ ተጽናንታበታለች፣ ተዋት፣ ንስሐህን ለእኔ ስጠኝና ይለቅ አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። እኔም ልተወው ወስኜ አደርኩ። ጧት ተነሥቼ ግን ወረቀቱን ሳየው መጽሐፍ ነው ነገሩ። ለእኔ ቢሆን፣ በእኔና ባንቺ መካከል ቢቀር፣ ይዤው እቀበር ነበር። በሷ ስም ታትሞ የማታውቂያቸው ሰዎች ሲያነቡት ግን፣ ያላመንኩበትን ሥጋ ማኅተም እንደመምታት ሆነብኝ። ያን ሠላሳ ዓመት አላደረግኩትም።

እንግዲህ ስሚኝ።

ጥርሴ የወለቀው እውነት ነው። የመሪጌታና የዓሣው ክርክር አንድ ቃል አልተጨመረበትም። ሁለት አገር ግብር ያለችው ታንጉት ራሷ ናት። ደህና ናት ያልኩሽን ሁሉ ተይው፤ እሱ እዚህ አገር ሰላምታ እንጂ ወሬ አይደለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ጀርባዋን አዳምጫለሁ ያልኩሽም እውነት ነው፤ የሰማሁትን ደበቅኩሽ እንጂ። በስተቀኝ በኩል ከታች ምንም አልነበረም። ዝም። በእጄ ብጨብጠው ኖሮ እንደማይመለስ አውቄ ነበር። ይህን ያወቅኩት በጥር አይደለም፣ በጥቅምት ነው።

በኅዳር ደብዳቤሽን ሳነብላት፣ ለገና ልምጣ የሚለው ላይ ስደርስ ቀሪውን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ትምጣ። ነይ በላት» አለችኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ከጎኗ ተቀምጬ ጻፍኩ። እጄን ታየው ነበር። ፊደል አትለይም፤ እጄ መሄዱን ግን ታያለች።

«ጻፍከው?» አለችኝ።

«ጽፌዋለሁ» አልኳት።

ሻሹን የጠየቀችው ለዚህ ነው፤ እስክትደርስ ሽታዋ ይቅደም ብላ። ለገና መደቡን አስለቀለቀች፣ ያንቺን ቁርበት ፀሐይ ላይ አሰጣች። ተነሥታ አይደለም፣ ተኝታ እያዘዘች። የገና ዕለት ውሻው በጮኸ ቁጥር በሩን ታያለች። መንገዱ ተዘግቶባት ነው አልኳት። መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር። በታኅሣሥ፣ ነይ ካለችኝ ትቼ እመጣለሁ ያልሽውን ለእሷ አላነበብኩላትም። ዘልዬው ስለ ዓሣዋ ወዳለው ሄድኩ። ለአንቺ ከሷ የሌለ ቃል አመጣሁ፤ ለሷ ካንቺ የመጣውን ቃል አስቀረሁባት። ሁለታችሁም አመናችሁኝ።

ለምን ትይኛለሽ። መጀመሪያ ለራሴ የነገርኩት፣ ልጅቱ ትምህርቷን ከምታቋርጥ የሚል ነበር። ጥሩ ምክንያት ነው፤ ለሰው ሁሉ ይነገራል። ፋሲካን ታልፋለች ብዬም ገምቼ ነበር፤ በከብት ላይ ገምቼ ተሳስቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ጊዜ ያለኝ መሰለኝ። ከሁለቱ በታች ግን ሌላ አለ። ደብዳቤዎችሽ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ፣ ያላወቅኩትንም ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። በገበያ ቀን ወደ ከተማ ስወርድ እንደ ጎረምሳ እፈጥን ነበር። ብትመጪ ታንጉትን ታስታምሚያለሽ፤ ደብዳቤው ይቆማል፤ እኔም ከደጅ ተቀምጬ የለቅሶ ቤት ሽማግሌ እሆናለሁ። የምታስታምማትን ልጅ ከሷ ነጥቄ ስለ ዓሣ ልብ አስጻፍኳት። ይህን ለመሪጌታም አልነገርኳቸውም።

ጥር 24 ቀን ረፋድ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ ነበረች። ስምሽን ጠርታለች፤ ጠይቃሻለችም፣ አልደብቅሽም። አልተቆጣችሽም። መንገዱ ነው ብላ አምናለች። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ የሞተችው በእኔ ውሸት ተጽናንታ ነው፣ አንቺም የቆየሽው በእኔ ውሸት ተጽናንተሽ ነው። ያለ መጽናኛ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም የሚገባኝ ነው።

መጽሐፉ ላይ የምታኖሪው ያንቺ ነገር ነው። ብታጠፊው፣ ብትለውጪው፣ ለእኔ ሁለተኛ ባትጽፊልኝም አልከራከርሽም። የጠየቅሽኝ ቃሏን እንዳረጋግጥልሽ ነበርና መልሴ ይህ ነው። «የጀመርሽውን ጨርሺ» የሚለውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ታንጉት ያለችው «ነይ» ነው።

ገብረሰንበት